አሥራ ሁለተኛው ጨርቅ

በዚያ ዘመን ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ «ሐኪሙ» እየተባለ የሚጠራው እኔ ነበርኩ። መርፌ ወግቼ አላውቅም፤ የማክመው የናፍጣ መኪና ነበር። አየር ጤና አጠገብ በሚገኝ የአንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ ዋና መካኒክ ነበርኩ። ሾፌሮቹ ሞተር ያስነሱና ከመኪናው ኋላ ወስደው አቁመውኝ «በል ንገረን» ይሉኛል። እኔም ጭሱን አይቼ፣ አሽትቼ፣ አንዳንዴም መዳፌን ቧንቧው አፍ ላይ ዘርግቼ በሽታውን እናገራለሁ። ጥቁር ከሆነ ሞተሩ አየር አጥሮታል፣ አለዚያም ናፍጣ በዝቶበታል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ሆኖ አልጠፋ ካለ ውሃ ገብቶበታል፣ ወይም ናፍጣው ሳይቃጠል እየወጣ ነው። ይህችን ታህል እውቀት ይዤ የምኮራው ኩራት ዛሬ ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ በሚሄድበት ጊዜ እኔ ጭስ አነባለሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር።

ጊዜው ቀይ ሽብር ረገብ ብሏል የተባለበት ነበር። ረገብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። ጠዋት ከማዞሪያው ተነስቼ በጦር ኃይሎች በኩል ወደ ሥራ ስሄድ፣ አውቶቡስ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሚያየው የፊት ለፊቱን ወንበር ጀርባ ነበር። በመስኮት ማየት ከቀረ ቆይቷል። በመስኮት ያየ ሰው መንገድ ዳር የወደቀውን ሊያውቀው ይችላል፤ ካወቀው ደግሞ ፊቱ ይናገርበታል። እኔም እንደ ሌላው ወንበር እያየሁ ሄጄ ወንበር እያየሁ እመለሳለሁ።

በመሥሪያ ቤታችን ደግሞ አሻጥር የሚባል ቃል ገብቶ ነበር። ድሮ ጎማ ሲፈነዳ ጎማ ፈነዳ ይባላል። አሁን ማን አፈነዳው ሆነ። የብልሽት ቅጹ ላይ «የብልሽቱ መንስኤ» ከሚለው ቀጥሎ «ተጠያቂ» የሚል አዲስ መስመር ተጨመረ። መጀመሪያ ሰሞን ሳቅንበት። አንዱ ባልደረባዬ ለተበላ ፍሬን ሸራ ተጠያቂው ዳገቱ ነው ብሎ ጻፈ። ቅጹ ተመልሶ መጣ፤ ባልደረባዬም ለሦስት ቀን ተጠርቶ ሄደ። ከተመለሰ በኋላ ስለ ዳገት የቀለደ ሰው አልነበረም።

ለሥራዬ ከእጄ ቀጥሎ የምተማመነው በጨርቆቼ ነበር። ጋራዡ የሚሰጠን ቡትቶ ክሩ እየተተረተረ ሞተር ውስጥ ይገባና ያናድደኛል። ስለዚህ ባለቤቴ የዱቄት ከረጢት አቡጀዲ ትቆርጥና ጠርዙን አጥፋ በቀይ ክር ትዘመዝምልኛለች። አሥራ ሁለት ናቸው። ቅዳሜ አጥባ፣ ሰኞ ጠዋት ቆጥራ ታስረክበኛለች። በእነሱ እጄን እጠርጋለሁ። አንዱን ጭሱ ላይ እዘረጋና የጥላሸቱን ዓይነት አይበታለሁ። ማርሚታ ስፈታ፣ ያ የጭሱን ድምፅ የሚያፍነውን የቆርቆሮ ሆድ ሳወርድ ማለቴ ነው፣ ተከፍቶ የቀረውን ቧንቧ አፉን በጨርቅ እወትፈዋለሁ፤ አሸዋ ወይም ብሎን እንዳይወድቅበት። ቀዩን ክር የመረጠችው ዝንጉ ስለሆንኩ ነው፤ ከጥቁር ብረት መካከል ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል ብላ። አንድ ሰኞ ቆጥራ ስትጨርስ «አሥራ አንድ ነው ያለው፤ አንዱን የት አደረግከው?» አለችኝ። «ጋራዡ ውስጥ ስንት ሌባ አለ መሰለሽ» ብዬ ወጣሁ።

ናፍጣ የሚያድሉን አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አባባ እንላቸዋለን። አገራቸው ከሰበታ ወዲያ ነው፤ ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ከበርሜሎቻቸው ጋር በኦሮምኛ ይነጋገራሉ። የበርሜሎቹ ቤት ቁልፍ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ታስሮ ይውላል። በርሜሎቹን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርገው ነው የሚያስቀምጧቸው፤ ውሃውና ዝቃጩ በአንድ ጥግ እንዲጠራቀም። ናፍጣውንም ሳያጣሩ ለማንም አይሰጡም። የሚያጣሩት በአንድ አሮጌ የሱፍ ባርኔጣ ነበር። ባርኔጣውን ገልብጠው በባልዲው አፍ ላይ ያስቀምጡና ናፍጣው ጠብ ጠብ ብሎ እስኪወርድ ሾፌሩን ያስጠብቁታል። «አባባ፣ ጠላ ነው እንዴ የሚያጠሉት?» ይሏቸዋል። «ጠላ ቢደፈርስ ራስህን ነው የሚያምህ፤ ይሄ ቢደፈርስ ገደል ነው የሚከትህ» ይላሉ ሳይቸኩሉ። የከተማውን ናፍጣ ሁሉ እሳቸው ቢያድሉት እኔ ግማሹን ሥራዬን አጣ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንዲት የጭነት መኪና ተጎትታ ገባች። ለሚሊሺያ ስንቅ ጭና ስትሄድ ዳገት ላይ ጉልበቷ አልቆ ቆማለች፤ ስንቁም ሁለት ቀን ዘግይቷል። ሾፌሯን በደንብ አውቀዋለሁ፤ እኩያዬ ነው፣ ሳቂታ፣ የሦስት ልጆች አባት። በሁለት አብዮት ጥበቃዎች መካከል ሆኖ ከጎታቹ መኪና ወረደ። እጁ አልታሰረም፤ ግን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት አንዴ ኪሱ ውስጥ፣ አንዴ ብብቱ ሥር ይከተዋል። ባዶ የዘይት በርሜል ላይ አስቀመጡት።

ከኋላቸው አንድ ኃላፊ መጣ። ወጣት ነው፣ ካኪ የለበሰ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ። ድምፁን ከፍ የማያደርግ ባለሥልጣን ያኔም እፈራ ነበር፣ ዛሬም እፈራለሁ። ቅጹን ዘረጋልኝ።

«ጓድ፣ ጭስ ታውቃለህ ይሉሃል» አለኝ።

«እሞክራለሁ።»

«እንግዲያው ሞክር። ይህቺ መኪና በራሷ ነው የተበላሸችው ወይስ ያበላሻት ሰው አለ? ዛሬውኑ ነው የምፈልገው። ያበላሻት ሰው ካለ ከዚህ ወደ ቤቱ አይሄድም።»

ሾፌሩ አየኝ። «ሐኪሙ መጣ» እያለ የሚቀልድብኝ ሰው አሁን የእውነት ሐኪም ፊት እንደተቀመጠ በሽተኛ ነበር የሚያየኝ። ወደ መኪናዋ ሄድኩ።

ሞተሩን አስነሳሁት። ነዳጅ ስረግጥ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ጭስ ወጣ፤ ሞተሩ ግን ጉልበት አያነሳም፣ እንደ ታፈነ ሰው ያቃስታል። ጨርቅ ዘረጋሁበት፤ ደረቅ ጥላሸት ነው፣ ዘይት የለበትም። አየር አጥሯታል ማለት ነው። የአየር ማጣሪያውን አወጣሁ፤ ንጹሕ ነው። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩትን ኖዝሎች አንድ በአንድ ፈትቼ አስረጨኋቸው፤ ሁሉም እንደ ጉም ነው የሚረጩት። ጉልበት ፈልገው የናፍጣውን ፖምፓ የሚነካኩ ሾፌሮች አሉ፤ የዚህኛው ማኅተም ግን እንደታሸገ ነው። አንዱን ነገር ጨርሼ ወደ ሌላው ባለፍኩ ቁጥር ኃላፊው «ይሄስ?» ይለኛል፤ እኔም «ደህና ነው» እለዋለሁ። ሦስተኛው ወይም አራተኛው «ደህና ነው» ላይ ሲደርስ ዓይኑ ከመኪናዋ ተነስቶ ሾፌሩ ላይ ሲያርፍ አየሁ። ደህና ባልኩ ቁጥር ሰውዬውን እየከሰስኩት ነበር። ሁሉም ነገር ደህና ከሆነ መኪናዋን ያቆማት ማን ነው?

ያን ጊዜ ነው መዳፌን ቧንቧው አፍ ላይ ማድረግ ትዝ ያለኝ። የሚወጣው ጭስ ጥቁር ይሁን እንጂ ትንፋሹ ደካማ ነው፤ እጄን መግፋት ሲገባው ይልሰኛል። መኪናዋ ሥር ገባሁና ከማርሚታው በፊት ያለውን መገጣጠሚያ አላላሁት። «አስነሳ» አልኩ። ሞተሩ ጋራዡን ሁሉ አናወጠው። ያ ሁሉ የታፈነ ጉልበቷ ተመልሶ መጣ። በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ሾፌሮቹ ያጨበጭቡልኝ ነበር።

«ምን አገኘህ?» አለ ኃላፊው ጎንበስ ብሎ።

«ማርሚታው ተደፍኗል።»

«ማን ደፈነው?»

ከመኪናዋ ሥር ወጣሁ። «አውርደህ፣ ከፍተህ አሳየኝ» አለና ስልክ ሊደውል ወደ ቢሮ ገባ። አንዱ ጥበቃ ተከትሎት ሄደ፤ ሌላው በሩ ላይ ቆሞ ሲጋራ ለኮሰ።

ማርሚታውን አውርጄ ከመኪናዋ ኋላ መሬት ላይ አስተኛሁት። ሾፌሩ ከተቀመጠበት በርሜል ጥቂት እርምጃ ቢሆን ነው። ጫፉን በብረት መጋዝ ቆረጥኩት። ሽቦ ቆልምሜ ወደ ውስጥ ላክሁ። ሽቦው የሆነ ለስላሳ ነገር ያዘ። ብረት ውስጥ ለስላሳ ነገር ምን ይሠራል? ስስበው እየተጎተተ መጣ። ግማሹ ከሰል ሆኗል፤ ግማሹ ግን ቆርቆሮው ጥግ ተጣብቆ ሳይቃጠል ተርፏል። በአውራ ጣቴ ጥላሸቱን ጠረግሁት። ከሥሩ ቀይ ክር ወጣ።

ከሁለት ሳምንት በፊት የዚህችን መኪና ማርሚታ ተሰንጥቆ ያወረድኩት እኔ ነኝ። አስበይጄ የመለስኩትም እኔ ነኝ። መሀል ላይ ምሳ ተባለና ጥዬ ወጣሁ፤ ከምሳ ስመለስ ቸኩዬ ገጠምኩት። የወተፍኩትን ጨርቅ አላወጣሁትም። ጭሱ ገፍቶ ገፍቶ ማርሚታው ሆድ ውስጥ ከትቶታል። ባለቤቴ ያጣችው አሥራ ሁለተኛ ጨርቅ እጄ ላይ ነበር፤ ሌባውም እኔ ነበርኩ።

ጨርቁን ቱታዬ ደረት ውስጥ ከተትኩት። አስቤ አይደለም፤ እጄ ነው የከተተው። ቀና ስል ሾፌሩ እያየኝ ነው። ክሩን አይቷል።

መናገር እችል ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ያንን ደቂቃ እያነሳሁ ጣልኩት። «የእኔ ነው፣ ረስቼው ነው» ብል ምን ይሉኛል? ረሳሁ የሚባል ነገር በዚያ ቅጽ ላይ አልነበረም። ስንቅ የጫነች መኪና ቧንቧ ውስጥ ጨርቅ የጠቀጠቀ ሰው ምን እንደሚባል ለማወቅ ካድሬ መሆን አያስፈልግም። ፈራሁ። የፈራሁት ለልጆቼ ነው ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ፤ እውነቱ ግን ለገዛ ነፍሴ ነው የፈራሁት። ሾፌሩንም መስጠት አልቻልኩም፤ ይህን ያህል አልከፋሁም ነበር። ስለዚህ ሁለታችንንም የሚያድን ነገር መፈለግ ያዝኩ።

ኃላፊው ሲመለስ ማርሚታውን በመዶሻ እየወቀጥኩ ነበር። የብዙ ዘመን ጥላሸት ተራግፎ መሬት ላይ ጥቁር ክምር ሠራ።

«ይሄ ነው?» አለ።

«ይሄ ነው።»

«ይህን ሁሉ ጥላሸት ምን አመጣው? የአነዳዱ ችግር ነው?»

«አይደለም» አልኩ። «ኖዝሎቹ ናቸው እንዳልል አሁን አይተዋቸዋል፣ ደህና ናቸው። ናፍጣው ነው። ያልጠራ ናፍጣ ሲቃጠል እንዲህ ያደርጋል።»

ብልህ መልስ መስሎኝ ነበር። ናፍጣ ምን ባለቤት አለው? ባሕር ተሻግሮ በመርከብ ይመጣል፣ በቦቴ ይገለበጣል፤ ማን ይታሰርበታል? «መንስኤ» በሚለው ላይ «ያልጠራ ናፍጣ» ብዬ ጻፍኩ፤ «ተጠያቂ» በሚለው ላይ ሰረዝ አደረግሁ። ኃላፊው አነበበው፤ ሰረዙን ትንሽ አየት አደረገና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። «ጥሩ ሥራ ነው ጓድ» አለኝ። ሾፌሩን ልቀቁት አለ። ሾፌሩ በርሜሉን ይዞ ተነሳ። እኔ ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ራሴን እንደ ጻድቅ ነው የቆጠርኩት።

ከምሳ በኋላ የበርሜሎቹ ቤት ደጃፍ ላይ ሰው ተሰበሰበ። ሄጄ ሳይ አባባ መሀል ቆመዋል። ኃላፊው ቁልፉን እየጠየቃቸው ነው፤ እሳቸው ደግሞ ማተባቸው እንዳይበጠስ ክሩን በጥርሳቸው ይፈታሉ። አንዱ ጥበቃ ባርኔጣውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ይዟል፤ ከባርኔጣው ዝቃጭ ይንጠባጠባል።

«የመንግሥት ናፍጣ በዚህ ነው የሚቀዳው?» አለ ኃላፊው በዚያ በማይነሳ ድምፁ።

«ማጥለያ ነው እኮ ጌታዬ። ቆሻሻው እዚህ ይቀራል፣ ንጹሑ ይወርዳል» አሉ። ከዚያ በሰዉ መሀል እኔን አዩኝ። ፊታቸው በራ። «ይኸው፣ ልጄ ያውቃል። ልጄ፣ ስለ ባርኔጣው ንገራቸው እንጂ።»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሾፌሩም ከጥግ ሆኖ ያየኛል። ጨርቁ ደረቴ ላይ ነበር፤ ጥላሸቱ ሸሚዜን አልፎ ቆዳዬን ሲያሳክከኝ ይሰማኛል። «ማጥለያ ነው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሁለት ቃል ነው። ኃላፊው «የጻፍከው አንተ ነህ አይደል?» አለኝ። «አዎ» አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም። አባባን ባርኔጣቸውን አስይዘው መኪና ላይ አወጧቸው፤ ማስረጃ ስለሆነ እንዳይጥሉት አስጠነቀቋቸው።

የዚያን ቀን ማታ ራት አልበላሁም። ባለቤቴ አመመህ ወይ ብላ ግንባሬን ነካችኝ። ጨርቁን አላሳየኋትም። ለማቃጠልም አልደፈርኩም፤ ክሩ የእሷ እጅ ነው። በማግስቱ ጋራዥ መልሼ ወስጄ የመፍቻ ሣጥኔ ውስጥ ከመፍቻዎቹ ሥር ቀበርኩት።

ሾፌሩ ከሳምንት በኋላ ብቻዬን ጠብቆ አገኘኝ። ትከሻዬን ሳመኝ። «ያየሁትን አላየሁም» አለኝ። ሊያመሰግነኝ ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያዳንኩትን ሰው መፍራት ጀመርኩ። ከሰው ጋር ቆሞ ሲያወራ ካየሁት ስለ እኔ ይመስለኛል። ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ ሲባል በደስታ ልቤ ዘለለ፤ ወዲያው ራሴን ተጸየፍኩት። ስለ አባባ ግን ሁለታችንም አንዲት ቃል አልተነጋገርንም። ሾፌሮቹም ጭስ ንገረን ማለት ተዉ፤ ወይም እኔ ከኋላ መቆም ተውኩ፣ የትኛው እንደቀደመ አላስታውስም።

አባባ የተመለሱት ክረምቱ አልፎ በጋው ሲጋመስ ነው። ወደ ሥራ አልተመለሱም፤ በርሜሎቹን የሚያድል ሌላ ሰው ተተክቷል፣ የማያጣራ። አንድ ጠዋት ከሥራ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው አገኘኋቸው። ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ዓይናቸው ያለማቋረጥ ያነባል፤ እዚያ ከገቡ ወዲህ የጀመራቸው ነው። ልስማቸው ብዬ ሳጎነብስ በደካማ እጃቸው ራሴን ደገፉልኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት ልጄ» አሉ። «አንተ ጭስ ታውቃለህ፣ አትዋሸኝም። ናፍጣዬ እውነት ቆሽሾ ነበር?»

የያዝኩትን መፍቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«እዚያ ሆኜ ሌት ተቀን የማስበው እሱን ነበር» አሉ። «ያን ሰሞን እግሬን አሞኝ አንዱን በርሜል ሳላዘነብለው የቀረሁ ይመስለኛል። አንዳንዴ ደግሞ አዘንብዬዋለሁ እላለሁ። ጥፋቴን ሳላውቀው መሞት አልፈልግም። ውሃ ነበረበት?»

የመፍቻ ሣጥኑ እግሬ ሥር ነበር። ጎንበስ ብሎ መክፈት ብቻ ነው። አፌን ስከፍት የሚወጣውን ራሴም አላውቅም ነበር።

«ትንሽ ውሃ ነበረበት አባባ» አልኩ።

ቆም ብለው አዩኝ። ከዚያ ትከሻቸው ወረደ፤ ተሸክመውት የነበረ ነገር የወረደላቸው መሰሉ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ። «እንግዲያው በከንቱ አይደለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ያ ሾፌርም በእኔ ጦስ ሊጠፋ ነበር፤ አንተ ነህ ያዳንከው።» ዓይናቸው ሲፈስ በእጃቸው ዳበሱና ጠረጴዛው ላይ ከተቆለሉት ጨርቆች አንዱን አነሱ። ንጹሑን ወገን መርጠው ዓይናቸውን ጠረጉበት። ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱት።

«የባለቤትህ ስፌት ነው አይደል? ክሩ አይፈታም» አሉ። ጨርቁን አራት አጥፈው ወደ ቦታው መለሱልኝ። መንገዱን እስኪሻገሩ ቆሜ አየኋቸው። ከዚያ ጨርቆቼን ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አንድ ነበሩ።